ጦርነቱ የቀረበት የጦርነት ጨዋታ

ዛሬ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ያዝ አድርጋችሁ አንብቡት። በተለይ ድሮ ያስተማርኳችሁ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ዶርም ውስጥ ተሰብስባችሁ "ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ" የምትጫወቱ ልጆች፣ ይሄ የናንተ ነው። ሰሞኑን ሦስት አራታችሁ በኢንቦክስ ያው አንድ ጥያቄ ጠይቃችሁኛል፦ "ቲቸር፣ ታሪክ አዘጋጅተን እንጀምራለን፣ መጨረሻው ግን ሁሌ ድብድብ ነው። ሌላ ነገር እንዴት እናምጣበት?"

እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ ለማንኛውም ጥያቄ የምመልሰው "እስቲ ከየት እንደመጣ እንይ" ብዬ ነው። ታውቁኛላችሁ።

ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ፦ አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ከቦ ይቀመጣል። አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይሆናሉ፤ አንዱ ወታደር፣ አንዷ ጠንቋይ፣ አንዱ ሌባ። መሪው "በሩ ተዘግቷል፣ ከውስጥ ድምፅ ይሰማል፤ ምን ታደርጋላችሁ?" ይላል። ተጫዋቾቹ ያሰቡትን ይናገራሉ። ይሳካ አይሳካ ያልታወቀ ነገር ሲመጣ ዳይስ ይጣላል። በቃ፣ ይኸው ነው። አሸናፊና ተሸናፊም የለውም።

ብዙ ሰው "ጨዋታው ድብድብ የሚበዛበት ከጦርነት ጨዋታ ስለተወለደ ነው" ይላል። ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ስታውቁ ግን ትገረማላችሁ፤ ይህ ጨዋታ የተጸነሰው አንድ የጦርነት ጨዋታ ላይ ጦርነቱ ሳይካሄድ የቀረ ጊዜ ነው። (ዓመቶቹን ካልገለጽኩ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዱልኝ።)

ነገሩ የሚጀምረው ፕሩሺያ ነው። በ1812 ፎን ራይስቪትስ የሚባል ባሮን ለንጉሥ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ሦስተኛ አንድ የጨዋታ ጠረጴዛ አበረከተ። ኮረብታው፣ ወንዙ፣ መንገዱ በትናንሽ ቁርጥራጭ ተሠርቶ እንደፈለጉ የሚገጣጠም ነበር። ቆይቶ የመድፈኛ መኮንን የነበረው ልጁ ጠረጴዛውን በካርታ ተካውና በ1824 ሕጉን አሳተመ። ስሙ "ክሪግስሽፒል" ነው፤ ትርጉሙም የጦርነት ጨዋታ ማለት ነው። የጦሩ ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ፎን ሙፍሊንግ መጀመሪያ ነገሩን ቀዝቀዝ ብሎ ነበር ያየው። ጨዋታው ሲገፋ ግን ይህ ጨዋታ ሳይሆን ትክክለኛ የጦር ትምህርት ነው ብሎ ተነሣ፤ ለሠራዊቱም እንዲሰጥ አደረገ።

ከዚህ ጨዋታ ሁለት ነገር ያዙልኝ። በቼዝ ፈረሱ የሚሄድበት መንገድ አስቀድሞ ተወስኗል፤ ፈረሱ ዞሮ ውሃ ልጠጣ ቢል አይችልም። በክሪግስሽፒል ግን መኮንኑ ትእዛዙን በወረቀት ጽፎ ለዳኛው ይሰጣል። "ድልድዩን አፍርሱ"፣ "መንደሩ ውስጥ ገብታችሁ እህል ፈልጉ" ብሎ መጻፍ ይችላል። ሁለተኛው፣ በመካከል አንድ ዳኛ አለ፤ የሁለቱንም ወገን ምስጢር የሚያውቅ፣ ዳይስ ጥሎ ውጤቱን የሚናገር። ዛሬ እናንተ የጨዋታ መሪ የምትሉት ሰው አያቱ ይሄ ነው።

ችግሩ ሕጉ እየወፈረ፣ ሰንጠረዡ እየበዛ መሄዱ ነበር። በ1876 ፎን ቬርዲ ዱ ቬርኑዋ የሚባል የፕሩሺያ መኮንን "ሰንጠረዡን ተዉት፣ ልምድ ያለው ዳኛ በራሱ ሚዛን ይፍረድ" የሚል ሐሳብ አመጣ። በ1880 ደግሞ አሜሪካዊው መኮንን ቻርልስ ቶተን "ስትራቴጎስ" የሚል የጦር ጨዋታ መጽሐፍ አወጣ። እዚያ ውስጥ ለኛ ጉዳይ ወሳኝ የሆነ ሐሳብ አለ፦ ተጫዋቹ ያሻውን ነገር መሞከር ይችላል፣ ይሆናል አይሆንም የሚለውን ዳኛው ይወስናል።

ከዚያ መጽሐፉ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ አቧራ ሲጠጣ ኖረ።

በ1960ዎቹ ሚኔሶታ ውስጥ ዴቪድ ዌስሊ የሚባል የፊዚክስ ተማሪ ነበር፤ እሱና ጓደኞቹ በትናንሽ የቆርቆሮ ወታደሮች የናፖሊዮንን ዘመን ውጊያ ይጫወታሉ። የቶተንን መጽሐፍ ከሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አግኝቶ አነበበው። በ1969 "ብራውንስታይን" የምትባል ምናባዊ የፕሩሺያ ከተማ ፈጠረ። እንደተለመደው ሁለት ጦር ወደ ከተማዋ ይቃረባል። አዲሱ ነገር፣ ከአዛዦቹ ሌላ ለመጡት ተጫዋቾች በከተማዋ ውስጥ የሚኖር ሰው ቦታ ሰጣቸው። አንዱ ከንቲባ፣ አንዱ የባንክ ባለቤት፣ አንዱ የዩኒቨርሲቲ ኃላፊ ሆነ። ለእያንዳንዱም የራሱ የሆነ ፍላጎት ተሰጠው።

ዌስሊ ያሰበው አንድ በአንድ እየጠራ ሊያነጋግራቸው፣ ከዚያም ወደ ውጊያው ሊገባ ነበር። እነሱ ግን መች ጠበቁት! በየጥጉ ሄደው መዶለት ጀመሩ። አንዱ ሌላውን ያስማማል፣ ሦስተኛው ሁለቱን ያጣላል። ሁለት ተጫዋቾች ደግሞ ተጣልተው "ና እንጋጠም" ተባባሉ፤ ዌስሊ ለዚህ ምንም ሕግ ስላልነበረው እዚያው ፈጥሮ ዳኘ። ሰዓቱ አለቀ። ሁለቱ ጦር አልተገናኙም። ጦርነቱ ቀረ።

ዌስሊ ጨዋታው ተበላሸ ብሎ አዘነ። ተጫዋቾቹ ግን "መቼ ነው የሚቀጥለው?" አሉት።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የውጊያ አፍቃሪ የሆኑ፣ ለውጊያ ብለው የመጡ ጎልማሶች ናቸው። ማንም "ዛሬ ሰላማዊ ጨዋታ እንጫወት" አላላቸውም፣ ውጊያ የሚከለክል ሕግም አልወጣባቸውም። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው የሚፈልገው ነገር ተሰጠው፣ የሚፈልገውም ነገር በሌላ ሰው እጅ ነበር። የባንኩ ባለቤት ያሰበውን ለማግኘት ከንቲባውን ማናገር አለበት፤ ሊገድለው ቢሞክር ምንም አያገኝም።

ዌስሊ ሌሎች ብራውንስታይኖችንም ሠራ። አንዱ በላቲን አሜሪካ አምሳል በተፈጠረች፣ መንግሥቷ በሚንገዳገድ አገር ላይ ነበር። ዴቭ አርነሰን የሚባል ልጅ የተሰጠው ቦታ ሰላማዊ አብዮተኛ ተማሪ ነው፤ ነጥብ የሚያገኘው በራሪ ወረቀት በመበተን። ከሁሉም ደካማው ቦታ ይመስላል፣ አይደል? ተጫዋቾቹ ደጋግመው እንደተረኩት ግን አርነሰን ሌሎቹን "እኔ የምር የሲአይኤ ሰላይ ነኝ" ብሎ አሳመናቸው። በመጨረሻ የአገሪቱን ግምጃ ቤት ይዞ በሄሊኮፕተር ሲሄድ፣ ከላይ ሆኖ በከተማዋ ላይ በራሪ ወረቀቱን እየበተነ ነበር። ጠመንጃ ከያዙት ሁሉ በልጦ ሄደ፤ አንድ ጥይት ሳይተኩስ።

ዌስሊ ለውትድርና ሲጠራ ጨዋታውን አርነሰን ወረሰው። በ1971 "ብላክሙር" የሚባል የራሱን ዓለም ጀመረ፤ ግንብ፣ ከግንቡ ሥር ዋሻ፣ በዋሻው ውስጥ ጭራቅና ሀብት። ተጫዋቹ ያው ሰው ሆኖ ከሳምንት ሳምንት ይቀጥላል። በ1972 መጨረሻ ላይ ዊስኮንሲን ድረስ ሄዶ ለጋሪ ጋይጋክስ አሳየው። ሁለቱ ተባብረው በጥር 1974 ሦስት ትናንሽ ደብተር የሚያህሉ መጽሐፎች በአንድ ሳጥን አወጡ፤ መጀመሪያ የታተመው 1000 ኮፒ ነው። "ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ" ይሄ ነው። የሚገርመው ሽፋኑ ላይ ራሱን የጠራው የጦርነት ጨዋታ ብሎ ነው፤ ሌላ ስም ገና አልነበረውማ።

አሁን ወደ እናንተ ጥያቄ እየቀረብን ነው። "እንግዲያው ድብድቡ ከየት መጣ?"

የ1981ን መጽሐፍ እንይ፤ ቶም ሞልድቬይ ለጀማሪዎች ያዘጋጀውን። እዚያ ውስጥ ሁለት የተረሱ ሕጎች አሉ።

አንደኛው ነጥብ አቆጣጠሩ ነው። አንድ ኦርክ ብትገድል 10 ነጥብ ታገኛለህ። አንድ የወርቅ ሳንቲም ይዘህ ብትወጣ ደግሞ 1 ነጥብ። አንድ ተዋጊ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ለማደግ 2000 ነጥብ ይፈልጋል። ሒሳቡን ሥሩት፤ በድብድብ ብቻ ካሰበ 200 ኦርክ መግደል አለበት። እሱ ራሱ ደግሞ ገና ጀማሪ ስለሆነ አንድ ጥሩ ምት ይበቃዋል። ስለዚህ ብልህ ተጫዋች ኦርኮቹ ተኝተው እያለ ሳጥኑን ይዞ መውጣትን ይመርጣል። ወይ ያታልላቸዋል፣ ወይ ይደራደራል፣ ወይ ከጠላቶቻቸው ጋር ያጣላቸዋል።

ሁለተኛው የአቀባበል ሰንጠረዥ ነው። ጭራቅ ስታገኝ መሪው ሁለት ዳይስ ይጥላል። ድምሩ 2 ከሆነ ወዲያው ያጠቃል። ከ3 እስከ 5 ከሆነ ይቆጣል፣ ሊያጠቃም ይችላል። ከ6 እስከ 8 ያመነታል። ከ9 እስከ 11 አያጠቃም፤ ይሄዳል ወይም የምትለውን ይሰማል። 12 ከሆነ ደግሞ በደስታ ይቀበልሃል። የሂሳብ መምህራችሁን ካስታወሳችሁ፣ ከ36 አጋጣሚዎች ወዲያው የሚያጠቃበት 1 ብቻ ነው። 16ቱ ላይ ጭራቁ ራሱ ምን እንደሚያደርግ አልወሰነም! የሚቀጥለው ቃል ከናንተ አፍ የሚወጣው ነው ማለት ነው።

ቀስ በቀስ ግን ይህ ተሸረሸረ። በ1989 በወጣው እትም የወርቁ ነጥብ ከተፈለገ ብቻ የሚሠራ ሆነ። በ2000 እትም ነጥቡ በዋናነት የሚሰላው በተሸነፈው ጠላት ጥንካሬ ነበር። ጠላትን በብልሃት ማለፍም እንደ ማሸነፍ ሊቆጠር ይችል ነበር፤ ነገር ግን ከመጽሐፉ ብዙው ገጽ የሚያወራው ስለ ውጊያ ከሆነ ልጁ ምን ያስባል? ፈተና ላይ የማይመጣ ምዕራፍ ማን ያነባል? እናንተ ራሳችሁ "ቲቸር፣ ይሄ ይመጣል?" ብላችሁኝ የለ እንዴ! ጨዋታም እንደዚያው ነው፤ የሚቆጠረው ነገር ይደረጋል።

በዚያው በ1981 ሌላ በር ተከፈተ። ሳንዲ ፒተርሰን "የክቱሉ ጥሪ" የሚለውን ጨዋታ አወጣ። እዚህ ተጫዋቾቹ ፕሮፌሰር፣ ጋዜጠኛ፣ ሐኪም ናቸው። ከትልልቆቹ ጭራቆች ጋር መዋጋት ዋጋ የለውም፤ ያልቃሉ፣ ወይም አእምሯቸውን ይስታሉ። ያላቸው መሣሪያ መጠየቅ፣ መመርመር፣ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ መፈለግ ነው። ቤተ መጻሕፍት የመጠቀም ችሎታ በቁጥር የሚለካበት ጨዋታ! እኔ እንደ አስተማሪ ይሄን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ።

ምርመራ ግን የራሱን ችግር ይዞ መጣ። ተጫዋቹ ቁልፍ የሆነውን ደብዳቤ ሲፈልግ ዳይሱ እምቢ ካለ ታሪኩ እዚያው ይቆማል። ለዚህ መፍትሔ የመጣው ዘግይቶ ነው። ሮቢን ሎውስ "ገምሹ" በሚባለው የአጨዋወት ሥርዓት፣ ትክክለኛው ቦታ ላይ ትክክለኛው ችሎታ ያለው ሰው ከፈለገ ፍንጩን ያለ ዳይስ ያግኝ አለ፤ ፈተናው ፍንጩን ይዞ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ጀስቲን አሌክሳንደር ደግሞ በ2008 ቀላል ሕግ ጻፈ፦ ተጫዋቾቹ እንዲደርሱበት ለምትፈልገው ለእያንዳንዱ መደምደሚያ ቢያንስ ሦስት ፍንጭ አዘጋጅ። አንዱን ያልፉታል፣ ሁለተኛውን በስህተት ይተረጉሙታል፣ ሦስተኛው ያደርሳቸዋል።

በ2004 የወጣው የቪንሰንት ቤከር "ዶግስ ኢን ዘ ቪንያርድ" ሌላ ትምህርት አለው። ክርክር በቃል ይጀምራል። በቃል እየተሸነፍክ ከሆነ ወደ ግፊያ፣ ከዚያ ወደ ቡጢ፣ ከዚያ ወደ ጠመንጃ ከፍ ማድረግ ትችላለህ። ማንም አይከለክልህም። ግን በእያንዳንዱ ደረጃ የሚመጣው ጉዳት ይከፋል። ስለዚህ ጥያቄው "እዚህ ነገር ላይ ሽጉጥ እስከማውጣት እደርሳለሁ ወይ?" ይሆናል። በ2021 ደግሞ የ"ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ" አሳታሚ ራሱ ከዳር እስከ ዳር ያለ ድብድብ ሊጠናቀቅ የሚችል "ዘ ዋይልድ ቢዮንድ ዘ ዊችላይት" የሚል ጀብዱ አወጣ። ብራውንስታይን ከ50 ዓመት በኋላ ዞሮ መጣ በሉት።

እሺ፣ ታሪኩን ጨረስኩ፤ አሁን ሥራ ላይ እናውለው። ብዙዎቻችሁ የምታዘጋጁት እንዲህ ነው፦ "ድልድዩ ላይ 10 ሽፍቶች ቆመዋል።" ይሄ የሚጋብዘው አንድ ነገር ብቻ ነው። እስቲ እንዲህ እናድርገው። ሽፍቶቹ የአካባቢው መስፍን ለወራት ደሞዝ የከለከላቸው ወታደሮች ናቸው። አለቃቸው የሚፈልገው ደሞዙንና የምሕረት ደብዳቤ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ግን ምሕረት አይፈልግም፤ ሰው ገድሎ ስለነበር መመለስ አይችልም። ከድልድዩ ወዲያ ያለው መንደር እህሉ ከሦስት ቀን በኋላ ለሚውለው ገበያ ካልደረሰ ይራባል። ተጫዋቾቹ ምንም ባያደርጉ በሦስተኛው ቀን የመንደሩ ጎረምሶች ዱላ ይዘው ይወጣሉ፣ ያልቃሉም።

አያችሁ? መዋጋት አልተከለከለም። ግን አሁን መስፍኑን ማስገደድ አለ፣ ደብዳቤ ማስጻፍ አለ፣ አለቃውንና ገዳዩን መለያየት አለ፣ እህሉን በሌላ መንገድ ማሳለፍ አለ። ነጥቡን የምትሰጡት እህሉ በመድረሱ እንጂ በሞተው ሽፍታ ቁጥር መሆን የለበትም። መስፍኑ ደሞዝ እንደከለከለ የሚያሳይ ፍንጭ ደግሞ አንድ ብቻ አታድርጉ፤ ሦስት ቦታ አስቀምጡት።

ይህን ሁሉ የማወራው ለጨዋታ ፍቅር ብቻ ብዬ አይደለም። ኒውዮርክ ባለው ባርናርድ ኮሌጅ ማርክ ካርንስ የሚባል የታሪክ ፕሮፌሰር በ1990ዎቹ ተማሪዎቹን በ403 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በነበረችው አቴንስ ውስጥ አስገብቶ፣ ቦታና ዓላማ ሰጥቶ ማከራከር ጀመረ። ዛሬ በብዙ ኮሌጆች ይሠራበታል። እኔም ይህን አይቼ በራሴ ክፍል የሞከርኩት የውጫሌን ውል ነው።

ወጪው አንድ ደብተርና ሁለት ዳይስ ነው። ጨዋታው የሚጀምረው በእኛ አቆጣጠር 1883 ላይ ነው። ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ተፈርሟል፤ የአንቀጽ 17 የአማርኛውና የጣሊያንኛው ቃል እንደማይገጥምም ታውቋል። በአማርኛው ንጉሡ በጣሊያን በኩል መላላክ ይቻላቸዋል፤ በጣሊያንኛው ግዴታ ነው። አንቶኔሊ አዲስ አበባ ገብቷል። አንድ ቡድን አጼ ምኒልክን፣ አንድ ቡድን እቴጌ ጣይቱን፣ አንድ ቡድን አንቶኔሊን ይዟል። መኳንንቱ አሉ፤ የእንግሊዝና የጀርመን ወኪሎች አሉ፤ አንድ ቡድን ደግሞ ገበሬ ነው።

መኳንንቱ ወዲያው "እንዝመት!" አሉ፤ ክፍሉ አጨበጨበ። እኔ ዝም አልኩ፤ ጦርነት በሕጉ አልተከለከለም። ከኋላ የተቀመጠች፣ በዓመቱ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ ናት የተነሣችው፤ የገበሬውን ወረቀት የያዘችው እሷ ነበረች። ወረቀቷ ላይ ዘመኑ ክፉ ቀን እንደሆነ፣ በሽታው ከብቱን እንደፈጀው ተጽፏል። "በሬዎቼ ሞተዋል። ስንቁን በምን ላርስላችሁ?" አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። መኳንንቱ ወረቀታቸውን መልሰው ማንበብ ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ክርክር በሰሌዳ ጽፌ ያላስተማርኩት ነው። "ለአውሮፓ መንግሥታት ደብዳቤ እንጻፍ" አለ አንዱ፤ ምኒልክ በዚያው በ1883 የአገሩን ወሰን ገልጾ የጻፈውን ደብዳቤ ሳያውቀው ደገመው። "ጊዜ እንግዛ፣ መሣሪያ እናስገባ" አለች ሌላዋ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ "የዓድዋን ነገር አለሳለስከው፤ ደግሞ ሁለት ክፍለ ጊዜ በላህ" ብሎኛል። ስለ ክፍለ ጊዜው ልክ ነው፤ ፖርሽን ይጎትታል። ስለ ዓድዋ ግን አልስማማም። የካቲት 23 ቀን 1888 ከዚያ በፊት የነበሩትን ዓመታት ተሸክሞ ነው የመጣው፤ ክርክሩን፣ ደብዳቤውን፣ ውሉን መሰረዙን፣ ጥጋቡ እስኪመለስ መጠበቁን። ልጁ ሌሎቹ በሮች ሁሉ ሲንኳኩ ካየ፣ የመጨረሻው በር ለምን እንደተከፈተና ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለ ይገባዋል። ከድሉም በኋላ የውጫሌን ውል ያፈረሰው ጥቅምት 1889 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመ ሌላ ወረቀት ነው።

በዚህ ዘመን ልጆቻችን ስለ ጠመንጃ ለመስማት እኛን አይጠብቁም፤ ከቤትም ከስልክም ይሰሙታል። "ሌላው ሰው ምን ይፈልጋል?" ብሎ መጠየቅን ግን የሚለማመዱበት ቦታ ያስፈልጋቸዋል። ክፍል አንዱ ነው፣ የቅዳሜ ጠረጴዛችሁም ሌላው።

ስለዚህ የቤት ሥራ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ገጽ ብቻ አዘጋጁ። አምስት ሰዎች ይኑሩበት፤ በእያንዳንዱ ስም አጠገብ ምን እንደሚፈልግ፣ ማንን እንደሚፈራ፣ የሚፈልገው ነገር በማን እጅ እንዳለ ጻፉ። ከታች ደግሞ ማንም ምንም ካላደረገ በሦስተኛው ቀን ምን እንደሚሆን። በኢንቦክስ ላኩልኝ፣ አይቼ እመልሳለሁ። አስተማሪ የሆናችሁ ወዳጆቼ ደግሞ የውጫሌውን ወረቀቶች የምትፈልጉ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ፤ በእጅ የተጻፉ ናቸው፣ ፎቶ አንሥቼ እለጥፋለሁ።